«ኢንጂነር እንልካለን» ያሉት ማንን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ብርዱ በጠናበት ሰሞን የቤታችን ቦይለር ተበላሸና ስደውል «ነገ ኢንጂነር እንልካለን» አሉኝ። ኢንጂነር ሲሉኝ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው ጠበቅሁ። የመጣው የመፍቻ ሣጥን ያንጠለጠለ ወጣት ነው፤ ጠግኖ ሄደ። ይሄ በእኛ አገር ቴክኒሻን ነው። እንግሊዞቹ ናቸው ማዕረግ የሚያባክኑት ወይስ እኛ ነን ያጋነንነው? ደግሞስ ኢንጂነርና መሐንዲስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ማንም አላጠፋም። ቃሉ ራሱ ነው ብዙ አገር የዞረው።

ብዙ ሰው ኢንጂነር የሚለው ስም «ኢንጂን» ማለትም ሞተር ከሚለው የመጣ ይመስለዋል። ዝምድናው አለ። ግን ቃሉ ሞተር የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት ነበር። ሥሩ «ኢንጌኒየም» የሚል የላቲን ቃል ነው፤ አብሮ የተወለደ ተሰጥኦ፣ የአእምሮ ብልሃት እንደ ማለት። «ጂኒየስ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ውሎ አድሮ ብልሃቱ ብቻ ሳይሆን በብልሃት የተሠራው ዕቃም በዚያው ስም ተጠራ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ እንዲህ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የጦር መሣሪያ ነበር፦ የከተማ ቅጥር የሚደረምስ ግዙፍ የድንጋይ መወርወሪያ። እሱን የሚሠራው ሰው ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ኢንጂነር። ስሙ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ነፍሱን የሚይዝ የአማርኛ ቃል ፈልግ ብባል «ብልሃተኛ» ነው የምለው።

«ሲቪል ኢንጂነር» የሚለውም የመጣው ከዚሁ የጦር ታሪክ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይና ቦይ የሚሠሩ እንግሊዞች ከወታደሮቹ መለየት ፈለጉ። የኤዲስቶንን የባሕር መብራት ማማ የሠራው ጆን ስሚተን ራሱን በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1771 የሙያ ማኅበርም አቋቋሙ። ስለዚህ «ሲቪል» ሲባል ስለ ሕንፃም ስለ መንገድም አይደለም፤ «ወታደር ያልሆነ» ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ የእንፋሎት ሞተር ተስፋፋ፤ ነገሩም ተደበላለቀ። ሞተሩን የሚነድፈውም፣ የሚያንቀሳቅሰውም፣ ሲበላሽ የሚጠግነውም ኢንጂነር ተባለ። አሜሪካ ውስጥ ባቡር ነጂው እስከ ዛሬ ኢንጂነር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቦይለር የሚጠግነውም እንዲሁ፤ እዚያ ሕጉ የሚጠብቀው «ቻርተርድ ኢንጂነር» (ብቃቱ በሙያ ማኅበር ተመዝኖ የጸደቀለት) የሚለውን ማዕረግ ነው እንጂ ባዶውን ቃል አይደለም። ካናዳ ብትሆን ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል። እዚያ ያለ ፈቃድ ራስን ኢንጂነር ብሎ ማስተዋወቅ በአብዛኛው በሕግ ያስጠይቃል።

የሙያ ስሞች እንዲህ ሲንሸራተቱ የኖሩ ናቸው። ፕለምበር ከላቲኑ «ፕሉምቡም» ነው፤ እርሳስ የሚባለው ብረት። የሮም ቧንቧዎች ከእሱ ይሠሩ ስለነበር ነው። ኮምፒውተር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሰው ሥራ ነበር፤ ተቀምጦ ሒሳብ የሚያሰላ ሠራተኛ። በኋላ በናሳ ዝነኛ የሆነችው ካትሪን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ስትቀጠር ሥራዋ ይኸው ነበር። እኔን ሁሌ ፈገግ የሚያሰኘኝ ግን ሾፌር ነው። ፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም «አሟቂ»። በእንፋሎት የሚሄድ መኪና እሳቱ ነዶ ውኃው ሳይፈላ ንቅንቅ አይልም ነበርና።

ወደ መሐንዲስ ልመለስ። ይሄ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዐረቦቹ ደግሞ ሥሩን የወሰዱት ከፋርስኛው «አንዳዛ»፣ መለኪያ ማለት ነው። ስለዚህ ኢንጂነር ብልሃተኛ ከሆነ መሐንዲስ ለኪ ነው። (በሐመሩ ሐ የምንጽፈው በልማድ ነው። የዐረብኛው ድምፅ ያኛው ለስላሳው «ህ» ነው። ለምደነዋልና አልነካካውም።)

በአማርኛ አጠቃቀም ግን ልዩነታቸው ሌላ ነው። መሐንዲስ ሥራ ነው፤ ኢንጂነር ከስም በፊት የሚቀመጥ ማዕረግ ሆኗል። የሕዳሴ ግድቡን ሰው ሁሉም «ኢንጂነር ስመኘው» ነው ያላቸው፤ «መሐንዲስ ስመኘው» ያለ አልሰማሁም። ቃሉ ወደ እኛ የገባው ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ጋር ተጣብቆ ስለሆነ ከረባት ብትጠብቅ አይፈረድብህም። እንግሊዞቹ ግን እንደ ዶክተር ከስም ፊት አያስቀምጡትም። ለእነሱ የሥራ ስም ነው፣ አለቀ።

እኔ ብሆን «ነገ ኢንጂነር ይመጣል» የሚለውን «ነገ ባለሙያ ይመጣል» ብዬ ነው የምተረጉመው። ሥራው በግልጽ መታወቅ ካለበት ደግሞ «የቦይለር ቴክኒሻን»። አዲስ አበባ ላለች እናትህ በስልክ ስታወራላት «ኢንጂነር ቤቴ መጣ» ካልካት ግን ቤት እያሠራህ ነው ብላ እልል ትላለች።