40 ቲኬት ሽጪ ለሚልሽ ፕሮሞተር ምን ትመልሺለታለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድምፃዊ ኮንሰርት አለ። ፕሮሞተሩ አንቺና አራት የባንድሽ ልጆች መድረኩን እንድትከፍቱ ጠይቋችኋል። ክፍያውን ስትጠይቂው ደግሞ «40 ቲኬት ሽጡ፤ ከ40 በላይ ከሸጣችሁት ግማሹ የናንተ ነው፤ ወጪዬን ከሸፈንኩ ደግሞ አስባችኋለሁ፤ ዋናው ግን ለስማችሁ ነው» ብሎሻል። ልጆቹ «እንግባበት» ብለዋል፤ አንቺ ግን ውስጥሽ እሺ አላለሽም።

ውስጥሽ ልክ ነው። በዚህ ዓይነት እሺ አትበዪው።

እኔ ዲሲና ሜሪላንድ ኪቦርድ ስጫወት 14 ዓመት ሊሞላኝ ነው። መድረክ ከፍቻለሁ፣ ከአገር ቤት የመጡ ድምፃውያንን አጅቤያለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አጉል ልቤ ተነሳስቶ እኔው ራሴ ፕሮሞተር ሆኜ ኪሴ ተራግፏል። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ለቅሶ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ቲኬቷን እናስላት። ዋጋው 50 ዶላር ነው ብለሻል። 40 ቲኬት ማለት 2,000 ዶላር ነው። ይህን ገንዘብ ከማን ነው የምትሰበስቢው? ከአክስትሽ ልጅ፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ፣ ከዕቁብ ጓደኞችሽ። ፕሮሞተሩ የማያውቃቸውን ሰዎች በአንቺ ስልክ ይደርስባቸዋል፤ ለዚህ የሚከፍልሽ ዜሮ ነው። ከዚያ 41ኛዋ ላይ 25 ዶላር ማግኘት ትጀምሪያለሽ። እንበልና ጎበዞች ሆናችሁ 60 ሸጣችሁ። 20 ሲባዛ በ25፣ 500 ዶላር። ለአምስት ሲካፈል መቶ መቶ። ከሱ ላይ የልምምድ ቦታ ኪራይ፣ ቤንዚን፣ ፓርኪንግ ቀንሺ። እሱ ግን በናንተ እጅ ከተሸጠው 3,000 ዶላር 2,500ው ኪሱ ገብቷል። 38 ላይ ብትቆሙስ? አንዳንዱ አይኑን በጨው አጥቦ «የጎደለውን ከኪሳችሁ ሙሉ» ይላል። ደርሶብኛል። ይሄ መድረክ መክፈት ሳይሆን ያለ ደሞዝ ሻጭ መሆን ነው።

ቲኬት ሽጪልኝ ካለሽ ይቻላል፣ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ከመጀመሪያዋ ቲኬት ጀምሮ በእያንዳንዷ 10 ዶላር በይው። በኢቨንትብራይት (በኦንላይን የቲኬት መሸጫው) የሚሸጥ ከሆነ ለብቻሽ ኮድ ይክፈትልሽ፤ ስንት እንደሸጥሽ ኋላ ማንም አይከራከርሽም። የዘፈኑ ዋጋ ግን ከዚህ ጋር አይነካካም።

የባሰችው «ወጪዬን ከሸፈንኩ» የምትለዋ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ይመስለኛል፣ አንዱ ጋ በዚህች ቃል ገባሁ። ከትርፉ 10 በመቶ ነበር ንግግራችን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ መተላለፊያ አልነበረም፣ እኔም በልቤ ገንዘቤን እየቆጠርኩ ነበር የምጫወተው። በሳምንቱ ስደውልለት «ወንድሜ፣ ከሰርኩ እኮ» አለኝ። እንዴት ሆኖ ስለው በቴክስት ዘረዘረልኝ። የአዳራሽ ኪራይ፣ ሳውንድ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል። እሺ። ወረድ ሲል የሦስት ቀን የመኪና ኪራይ፣ «የእንግዶች እራት»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ልዩ ልዩ፣ 1,400 ዶላር»። የኔ 10 በመቶ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ተቀብራ ቀረች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። የሰውን ወጪ አንቺ መቆጣጠር አትችይም፤ እሱ ደግሞ ካርኒውን ሊያሳይሽ አይገደድም።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመድረክ ከፋቹ ክፍያ ራሱ ወጪው ውስጥ ይግባ፤ እንደ አዳራሹ፣ እንደ ስፒከሩ። ስፒከር የሚያከራየው ሰውዬ «ሕዝብ መጣ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ገንዘቡን ሳይቀበል ቫኑን አያራግፍም። «ለስምህ ነው» የሚለውም የለም። አንቺ ከስፒከሩ በምን ታንሻለሽ? ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከማይታይ ትርፍ ፐርሰንት ይሻላል። የግድ ፐርሰንት ካለሽ ደግሞ ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ የቲኬት ሽያጭ ላይ ይሁን፤ የበሩንም ጭምር። በሩ ላይም አንድ ያንቺ ሰው ይቁም።

አሁን ለፕሮሞተሩም ልናገርለት፤ እውነቱ መነገር አለበት። እኔ ያዘጋጀሁት ኮንሰርት የካቲት ላይ ነበር። 600 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከራየሁ። ለድምፃዊው ቀብድ የላክሁት ከሦስት ወር በፊት ነው። የቪዛውን ማመልከቻ ለያዘው ጠበቃ ከፈልኩ፤ ቪዛ ቢከለከል ጠበቃ ገንዘብ አይመልስም። የሁለት ሰው አውሮፕላን፣ ሆቴል። ታውቂያለሽ፣ የኛ ሰው ቲኬት ቀድሞ አይገዛም፤ እኩለ ሌሊት ላይ በር ላይ ነው የሚደራደረው። ስለዚህ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ልክሰር ላትርፍ አላውቅም፣ ሆዴ ይገለባበጣል፣ ስልኬን እያየሁ እዞራለሁ። በዚያ ላይ በረዶ ጣለ። 260 ሰው መጣ። ከ4,000 ዶላር በላይ ከሰርኩ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ለከፈቱት ልጆች ግን 600 ዶላራቸውን ሰጠሁ። ደግ ስለሆንኩ አይምሰልሽ፤ በሩ ሳይከፈት በፖስታ አድርጌ ለከበሮ መቺው ስለሰጠሁት ነው። ማታ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም «ከሰርኩ እኮ» የምል ይመስለኛል። ስለዚህ ፕሮሞተር ሁሉ ሌባ ነው አልልሽም። ብዙው የፈራ ሰው ነው፤ ፍርሃቱን ደግሞ እምቢ ማለት በማይችለው ላይ ያራግፋል። ዋናው ድምፃዊ ቀሪውን ሳይቀበል ከሆቴል አይወጣም። አዳራሹ በር አይከፍትም። የሚቀረው አንቺ ነሽ።

ለዚህ ነው መቼ ይከፈለኝ የሚለው ከስንት ይከፈለኝ እኩል የሚያጣላኝ። ግማሹ ቀብድ፣ ስትስማሙ። ቀሪው ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት። «ሲያልቅ እንነጋገራለን» ካለሽ አልቆልሻል። ዲሲ ውስጥ አርብና ቅዳሜ መጠጥ የሚቆመው 3 ኤኤም ላይ ነው፤ መብራቱ ቦግ ሲል ሰው ሁሉ ይበተናል፣ ፕሮሞተሩም አብሮ። እኔ በ3 ተኩል ኤኤም፣ በጥር ብርድ፣ ኪቦርዴን ተሸክሜ ፓርኪንግ ውስጥ የጠፋ ስልክ ስደውል አድሬያለሁ።

ስንት ትጠይቂ? አንድ ልምምድና 40 ደቂቃ መድረክ ከሆነ እኔ ለአንድ ሰው ከ150 ዶላር በታች አልወጣም፤ ቅዳሜ ማታዬን በሙሉ ስለሚበላው። ለአምስት ሰው 750 ነው፤ ፓርኪንጓን ጨምረሽ 800 በይው። እሱ 500 ይልሻል። 700 ላይ ብትገናኙ አልጣላሽም። የአዳራሹ አቅም 200 ሰው ከሆነና ቲኬቱ 20 ዶላር ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ እኔም እቀንሳለሁ። 50 ዶላር እየሸጠ ግን «በጀት የለኝም» አይባልም።

ሰዓቱን በደንብ ያዢ። ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ፖስተሩ 9 ፒኤም ይላል፤ ሕዝቡ 12 ላይ ይመጣል። አንቺ 10 ተኩል ላይ ለባዶ ወንበር ትጀምሪያለሽ፤ 40 ደቂቃሽ ሲያልቅ ዋናው ሰውዬ ገና ሆቴል ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። ከመድረክ ሥር አንድ ሰው በእጁ ክብ እያዞረ «ትንሽ ጨምሩ» ይልሻል። አንድ ጊዜ በ40 ደቂቃ ዋጋ ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተጫውተናል። የምናውቀው ዘፈን አልቆብን ትዝታን በሦስት ዓይነት ምት ደገምነው፤ ሕዝቡም አልነቃብንም መሰለኝ፣ ወይም አዝኖልን ነው። ስለዚህ ዋጋሽ የ40 ደቂቃ እንጂ የሌሊቱ አይደለም። ካለፈ በየግማሽ ሰዓቱ ይጨመራል፤ ቁጥሩም አስቀድሞ ይጻፍ።

ሽልማት! ይህን ማንም ቀድሞ አያነሳውም። ሰው ሞቅ ሲለው ግንባርሽ ላይ ዶላር ይለጥፋል፣ መድረኩ ላይ ይበትናል። የማን ነው? እኔ የማውቀው ልማድ ድምፃዊና ባንድ ይካፈሉታል ነው። ግን አንድ ምሽት ፕሮሞተሩ ያቆመው ልጅ በባልዲ እየለቀመ ወደ ጓዳ ሲወስደው አይቻለሁ፤ ስንጠይቀው «ለዋናው ነው የመሰለኝ» አለ፣ ዋናው ገና ሕንፃው ውስጥ አልገባም። እናንተ መድረክ ላይ እያላችሁ የተሸለመው የናንተ እንደሆነ ተናገሪ፤ የሚለቅመውም የናንተ ሰው ይሁን። እርስ በርሳችሁ ስንት ስንት እንደምትካፈሉም ዛሬውኑ ከልጆቹ ጋር ጨርሺው። ከፕሮሞተር ይልቅ ባንድ ሲያፈርስ ያየሁት ሽልማት ነው።

ሌላም አለ። ሳምንት ሲቀረው «ድምፃዊው ያለ ባንድ ነው የሚመጣው፣ በዚያው አጅቡት» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። «በዚያው» የሚባል ሥራ የለም። መክፈት የራስሽን ሰባት ዘፈን መጫወት ነው። ማጀብ ማለት የሰውን 18 ዘፈን ከነቁልፉ ማጥናት፣ ሦስት አራት ቀን ልምምድ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት መድረክ። ለብቻው ይከፈላል፣ ቢያንስ የመክፈቻውን እጥፍ፤ ልምምዱም በቀን ይታሰባል።

ቪዛ ላይ እንምጣ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ኮንሰርት በቪዛ ምክንያት ሲራዘም አይተሻል። ያን ቅዳሜ ለሱ ብለሽ ሌላ ሥራ መልሰሻል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተሰረዘ ወይም ቀኑ ከተቀየረ ቀብዱ አይመለስም በይ። በጁላይ 4 ሳምንት ከሆነ ደግሞ፣ የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር የገባበት ከተማ ውስጥ፣ የበለጠ ተጠንቀቂ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየከተማው እየዞረ አለ፤ በዚያ ሳምንት ባንድ ሌሊት አራት አምስት ኮንሰርት ይጣላል፣ ሕዝቡ ይከፋፈላል፣ ፕሮሞተሩም ያልጠበቀው ይደርስበታል። እኔ ያኔ ሙሉውን ቀድሜ ካልተቀበልኩ አልሄድም።

ውል ሲባል ጠበቃ አያስፈልግሽም። ቴክስት ይበቃል፤ እሱ «እሺ» ብሎ ይመልስበት እንጂ። የትንንሽ ክስ ችሎት ዲሲ ውስጥ እስከ 10,000 ዶላር፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 5,000 ዶላር ያያል፤ የኛ ገንዘብ ከዚያ አያልፍም። አንዱ አራት ወር ሲያመላልሰኝ ቆይቶ ፎርሙን ሞልቼ ፎቶውን ብልክለት በማግስቱ ላከልኝ። ይሉኝታ ይዞሽ «የአገር ልጅ እንዴት ይከሰሳል» ትዪ ይሆናል። እሱ የአገር ልጅነቱን ሲከፍል ያስታውስ።

ታክሷን እንዳትረሺ። ገንዘቡ በሙሉ ባንቺ ዜል (የባንክ ገንዘብ መላኪያው) ገብቶ ለልጆቹ ብታካፍዪው፣ ስንት ለማን እንደሰጠሽ ያዢ። ፕሮሞተሩ 1099 የሚባለውን የገቢ ማሳወቂያ ፎርም ከላከ ሙሉው ባንቺ ስም ነው የሚመጣው። የሚላክበት መጠን 600 ዶላር ነበር፣ ለ2026 ክፍያ 2,000 ሆኗል፤ ግን ፎርሙ መጣም አልመጣም ገቢው ገቢ ነው።

በነፃ አልጫወትም አላልኩም። ለታመመ ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ ሄጃለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ድምፃዊ ሲመጡም ያለ ክፍያ ከፍቻለሁ። ግን «ለስምህ» ከተባለ ስሜን ፖስተሩ ላይ አውጣልኝ ብያለሁ፣ የ20 ደቂቃ ሳውንድ ቼክ፣ ከሚክሰሩ የተቀዳ ድምፅ፣ የካሜራውን ቪዲዮ በሳምንት ውስጥ። ሁሉንም አገኘሁ። ሰውየሽን ስሜ ፖስተሩ ላይ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂው እስቲ።

ለመልሱ ያህል፣ ይሄን ብትልኪለት፦

«ሰላም፣ ስለ ግብዣው እናመሰግናለን። ለ40 ደቂቃ፣ 5 ሰው፣ 800 ዶላር ነው። 400 በዚህ ሳምንት፣ 400 ዋናው ድምፃዊ ከመውጣቱ በፊት። ከ40 ደቂቃ ካለፈ በየግማሽ ሰዓቱ 200። በኛ ሰዓት የሚሰጥ ሽልማት የኛ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተሰረዘ ወይም ከተራዘመ ቀብዱ አይመለስም። ቲኬት ብንሸጥ ከእያንዳንዱ 10 ዶላር። ከተስማሙ እሺ ብለው ይመልሱልኝ።»

«ሌላ ባንድ አለኝ» ብሎ ቢመልስ አትደንግጪ፣ ያለው ባንድ ቢኖር ኖሮ አንቺን አይለምንም ነበር። ድራሙን ማን እንደሚያመጣ ግን ጠይቂው፤ እኔ ረስቼው ሁለት ጊዜ በራሴ መኪና ጭኛለሁ።