ወረቀቱ የደበቀው እውቀት

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ጅማ ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በአንዱ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ። ከመካከላቸው ከአጋሮ አካባቢ ከቡና ገበሬ ቤት የመጣ ልጅ በኦስሞሲስ (ውሃ በሴል ሽፋን በኩል የሚያልፍበት ሂደት) ፈተና ከ20 ውስጥ 3 ብቻ አገኘ። በሳምንቱ በግቢያችን ያሉትን የቡና ችግኞች ስንጎበኝ ጥቂቶቹ ጠውልገው አየን። ልጁ አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አድርጎ፣ «ማዳበሪያ በዝቶበታል፤ አፈሩ ከሥሩ ውሃ እየሳበበት ነው» አለኝ በአፋን ኦሮሞ። ፈተናው የጠየቀው ይህንኑ ነበር! ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ያወቁትን በቃል፣ በሥዕል ወይም በተግባር ጭምር እንዲያሳዩ መፍቀድ አሰብኩ። ባልደረቦቼ ግን «ነጥብ ማደል ነው፤ ብሔራዊ ፈተና ሲመጣ ምን ሊውጣቸው ነው?» ይሉኛል። የ62 ልጆች የተለያየ ሥራስ እንዴት ይታረማል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዲት ልጅ አስታወሰኝ።

በ1991 ዓ.ም. ነው። የልብን ክፍሎችና ሥራቸውን በጽሑፍ አስረዱ ብዬ ፈተንኩ። አባቷ ሥጋ ቤት የነበራቸው አንዲት ተማሪዬ ከ20 ውስጥ 4 ብቻ አገኘች። ከጥቂት ቀን በኋላ የበሬ ልብ በፌስታል ይዛ ክፍል ገባች። ዴስኩ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ በቢላ ለሁለት ከፈለችው። ጣቷን በግራው ግድግዳ ላይ አሳርፋ፣ «ይሄኛው የወፈረው ደሙን እስከ እግር ጥፍር ድረስ ስለሚገፋ ነው፤ የቀኙ ግን እዚሁ ሳንባ ድረስ ብቻ ነው የሚልከው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አመሰገንኳት። ነጥቧን ግን አልነካሁትም፤ ፈተናው አልፏል አልኩ። ያን ዓመት ወደቀች፤ በመስከረምም አልተመለሰችም። ያንን 4 በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጥያቄ ከማውጣትህ በፊት የምትለካው ምኑን እንደሆነ ለራስህ ንገረው። የእንግሊዝኛ ድርሰት መምህር ብትሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚያ የሚለካው ጽሑፉ ራሱ ነው። አንተ ግን የምትለካው ውሃ በሴል ሽፋን በኩል ወዴትና ለምን እንደሚሄድ መረዳቱን ነው። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከመጣ፣ ያ 3 የለካው እንግሊዝኛውን ነው።

ለባልደረቦችህም ይህን ንገራቸው፤ መንገዱ ይለያይ እንጂ መመዘኛው አንድ ይሁን። ለኦስሞሲስ ሦስት ነገር ይበቃሃል። ውሃው ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ሽፋኑ ምን አሳልፎ ምን እንደከለከለ፣ ሦስተኛ ደግሞ ልጁ ያልተዘጋጀበት አዲስ ጥያቄ። እኔ ብሆን «ቋንጣ ላይ ጨው ማብዛት ለምን ከመበላሸት ያድነዋል?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የጻፈውም፣ የሳለውም፣ በቃል ያስረዳውም በእነዚሁ ሦስቱ ይመዘናል። አጥንቶ የሸመደደ ልጅ ሦስተኛው ላይ ይቆማል፤ የገባው ልጅ ግን ጨው ከሥጋውም ከባክቴሪያውም ውሃ እንደሚያወጣ ይደርስበታል። ይህ ነጥብ ማደል ከሆነ፣ የተለመደው የምርጫ ጥያቄ ምን ሊባል ነው?

ነገሩ ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ የቁርኣን ተማሪም ሎሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የጻፈውን ለአስተማሪው አንብቦ ነው ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያስገባም ከአንድ የማጠቃለያ ፈተና የሰፋ ነገር ታስቦ ነበር። እኛ ግን ትልቁን ፈተና ቆራርጠን አምስት ትንንሽ የወረቀት ፈተና አደረግነው።

ስለ ብዛቱ አትፍራ። ሁሉም በቃል ልናገር አይልም፤ መጻፍ የሚቀናቸው ይጽፋሉ። በቃል የመረጡትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ስድስት ስድስት አድርገህ ስማ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጥ 18 ደቂቃ ነው፤ ሌሎቹ በዚያው ጊዜ መልመጃ ይሠራሉ። በተግባር የሚያሳዩት በአራት በአራት ሆነው ድንች ይቆርጣሉ፤ አንዱን ቁራጭ ንጹህ ውሃ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ጨው ውስጥ ያለው እስኪልፈሰፈስ ጊዜ ስለሚወስድ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ይነከር። ነጥቡን ስትሰጥ ግን ለቡድኑ አይሁን፤ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቀው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብሃለሁ፤ ለነጥብ የሚሆን ሥራ ወደ ቤት አትስጥ። በቀለም የታተመ ሥዕል ይዞ የሚመጣው ገንዘብ ያለው ቤት ልጅ ነው፤ ሞዴሉንም የሚሠራለት ታላቅ ወንድሙ ይሆናል። ድንቹም ጨውም ከአንተ ይሁን፤ ሁሉም ክፍል ውስጥ፣ ዓይንህ እያየ ይሠራ። አለዚያ ለደሃው ልጅ የከፈትክለትን በር መልሰህ ትዘጋበታለህ።

የብሔራዊ ፈተናው ስጋት እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት አለበት። ስለዚህ በቃል ያስረዳ ልጅ በዚያው አይቁም፤ የተናገረውን ይጻፈው። ሐሳቡ አስቀድሞ ከአፉ ስለወጣ፣ ብዕሩን ሲያነሳ የሚቸግረው ቃሉ ብቻ ይሆናል። አዲስ ሐሳብና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ጭነንባቸው ነው ልጆቻችን የሚያጎነብሱት።

የአጋሮውን ልጅ ግን እስከሚቀጥለው ምዘና አታቆየው። ነገ በእረፍት ሰዓት ወደዚያው ችግኝ ውሰደውና የነገረህን ይድገምልህ። ሥር፣ ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ ሽፋን፣ መጠውለግ የሚሉትን አምስት ቃላት በእንግሊዝኛ ጻፍለት፤ እሱም በእነሱ አራት መስመር ይጻፍ። አርመህ በሦስቱ መመዘኛ ነጥብ ስጠው። ከዚያ መዝገብህን አውጣና ያንን 3 አስተካክል፤ እኔ በ1991 ያላደረግኩትን።