የታሊያቡና የፔሌንግ ወፎች በምን አዲስ ተባሉ?

ጥያቄ፦ በኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተገኙ የተባሉት ወፎች እስካሁን ሳይታወቁ የቆዩት ለምንድን ነው? አዲስ ዝርያ መሆናቸውስ በምን ተረጋገጠ?

መልስ፦ ታሊያቡና ፔሌንግ ከትልቋ የኢንዶኔዥያ ደሴት ከሱላዌሲ በስተምሥራቅ የሚገኙ ደሴቶች ሲሆኑ፣ በመካከሉ ያለው ባሕር ጥልቅ በመሆኑ የባሕር ወለል እጅግ ዝቅ ባለበት በበረዶ ዘመን እንኳ ከሱላዌሲ ጋር አልተገናኙም፤ ስለዚህ ወፎቻቸው ለብቻቸው ተለውጠዋል። የቀደሙት ናሙና ሰብሳቢዎች በአብዛኛው ከባሕር ዳርቻ ርቀው ወደ ተራራው አልዘለቁም ነበር። በወፍ ተመራማሪው ፍራንክ ራይንት የተመራው ቡድን ግን ደጋውን ጭምር አስሶ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. 5 አዳዲስ ዝርያዎችን ይፋ አደረገ።

በቅጠል መካከል ነፍሳት የሚለቅሙ ጥቃቅን ወፎች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ እኔ ከሁሉ የላቀ ግምት የምሰጠው ለዜማቸው ነው፤ ተመራማሪዎቹም የተቀዳውን ድምፅ ከአካል ልኬትና ከዲኤንኤ ጋር አመሳክረዋል። የሚያሳዝነው፣ የታሊያቡ ደን በእንጨት ቆረጣና በቃጠሎ እየተመናመነ መሆኑ ነው።