ፎርሙ ወልደገብርኤልን ለምን አይቀበልም?

አንዲት አንባቢ ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን የትምህርት ቤት ምዝገባ ፎርም ተረክባለች። የተሠራው ሰርቨር (ሳይቱ ያለበት ኮምፒውተር) ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ በፒኤችፒ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አበበ ብዬ ስሞላ ያልፋል። ወልደገብርኤል ስል "ስም ከ20 ፊደል በለጠ" ይለኛል። ስህተቱ ደግሞ ባዶ ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። ስመለስ የሞላሁት ሁሉ የለም። ጓደኛዬ ጃቫስክሪፕት ጨምሮበት ነበር፤ ምንም አልተለወጠም።»

እህቴ፣ ኮድሽን ባላየውም ርዝመቱ የሚለካው ስትርሌን በሚባለው የፒኤችፒ ትዕዛዝ እንደሆነ እወራረዳለሁ።

ስትርሌን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን መለኪያ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። አበበ 9 ባይት ነው፤ ያልፋል። ዓለምፀሐይ 6 ፊደል ነው፤ 18 ባይት፤ ለጥቂት ያልፋል። ገብረማርያም 7 ፊደል ነው፤ 21 ባይት፤ ይወድቃል። ወልደገብርኤል 24 ይደርሳል። ብራውዘሩ ግን የሳጥኑን ገደብ ሲቆጥር የእኛን አንድ ፊደል እንደ አንድ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሳጥኑ ዝም ብሎ ያስገባሽና ሰርቨሩ ይመልስሻል። ጓደኛሽ የጨመረው ጃቫስክሪፕትም ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ኮድ ስለሆነ የሚቆጥረው እንደ ብራውዘሩ ነው፤ ችግሩን ከቶ አላየውም። የመጀመሪያው ሠሪ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ሞክሮ ሄዷል። ከየትም የሚገለበጥ ነጻ ኮድ ብዙው እንዲህ ነው፤ በጣም ያናድደኛል። የራሱን ስም የማይቀበል ፎርም ለወላጅ ይሰጣል?

ስትርሌንን ፊደል በሚቆጥረው በኤምቢ ስትርሌን ቀይሪው። ሰርቨሩ ላይ እሱ የሚፈልገው የፒኤችፒ ተጨማሪ ክፍል፣ ኤምቢስትሪንግ፣ መከፈቱን አረጋግጪ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ መስመር ካለም አውጪው።

ባዶው ገጽ ዳይ የሚባለው የፒኤችፒ ትዕዛዝ ሥራ ነው። ፎርሙ ወደ ሌላ ፋይል ይልካል፣ እዚያ ዳይ ስህተቱን ጽፎ ሁሉንም ያቆማል። ፍተሻውን ፎርሙ ያለበት ፋይል አናት ላይ አምጪው። ስህተቶቹን በየሳጥኑ ስም አንድ አሬይ (ዝርዝር) ውስጥ ሰብስቢ። አሬዩ ባዶ ከሆነ መዝግቢና የሞላውን ሰው ወደ ሌላ ገጽ ላኪው፤ አለዚያ ሰውዬው ሪፍሬሽ ሲል ልጁ ሁለቴ ይመዘገባል። ባዶ ካልሆነ ፎርሙ ከታች እንደገና ይውጣ፣ እያንዳንዱ ስህተት ከየሳጥኑ ሥር፣ የተሞላውም እዚያው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ሰው የጻፈውን በኤችቲኤምኤል ስፔሻልቻርስ ሳታሳልፊ ገጹ ላይ አትመልሺ፤ እሱ ጥቅስና መሰል ምልክቶችን እንደ ኮድ እንዳይነበቡ አድርጎ ይለውጣል። አንዱ በስም ፈንታ ስክሪፕት ቢጽፍ ገጽሽ ላይ ይሠራል። ፒኤችፒሽ ከ8.1 በታች ከሆነ ነጠላ ጥቅስንም እንዲለውጥ የሚያዘውን ኢኤንቲ ኮትስን ጨምሪበት፤ በድሮዎቹ ነጠላ ጥቅስ ሳይነካ ያልፋል። የፎርሙ አክሽን (የሚላክበት አድራሻ) ላይ የገጹን አድራሻ የሚሰጠው ፒኤችፒ ሰልፍ ተጽፎ ካገኘሽም አጥፊው። እሱም ሰው አድራሻው ላይ የጻፈውን ነው መልሶ የሚያትመው። አክሽን ባይኖር ፎርሙ ራሱ ወደዚያው ገጽ ይልካል።

የጓደኛሽ ጃቫስክሪፕት ለፍጥነት ይቆይ፤ ግን በእሱ አትመኪ። ማንም ሰው ብራውዘሩ ላይ ያጠፋዋል። ፍተሻው ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት።

ስትጨርሺ ወልደገብርኤል ብለሽ ሙዪ፣ መጨረሻው ላይ ድርብ ጥቅስ ጨምሪ፣ ስልኩን ባዶ ትተሽ ላኪ። የስልኩ ስህተት ከሥሩ መውጣት፣ ስሙም ከነጥቅሱ ሳጥኑ ውስጥ መቆየት አለበት። ጥቅሱ ከጠፋ አንድ ቦታ ኤችቲኤምኤል ስፔሻልቻርስን ረስተሻል፤ ሳታገኚው ሳይቱን አትክፈቺ።