ጎግል ካርታ ይቅደም ወይስ ትሪፕአድቫይዘር? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የባህል ምግብ ቤት አለኝ። ምሳ ላይ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይበዛል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ፋሲል ግቢን አይቶ የሚወጣ ቱሪስት ይገባል። ልጆቼ «ጎግል ላይ አስገቢው» ይሉኛል፣ አንድ አስጎብኚ «የሚያዋጣው ትሪፕአድቫይዘር ነው» አለኝ፣ ሌላው ቲክቶክ ይላል። ሁሉን ለመከታተል ጊዜው የለኝም። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ ጎግል ካርታን። ከግቢው ወጥቶ ርቦት ስልኩን የሚያወጣ እንግዳ ቀድሞ የሚከፍተው ካርታውን ነው፤ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከውጭ አገር። ትሪፕአድቫይዘር፣ ተጓዦች ስለ ሆቴልና ምግብ ቤት አስተያየት የሚጽፉበት ድረ ገጽ፣ የሚነበበው ቀደም ብሎ፣ ጉዞ ሲታቀድ ነው፤ አንባቢውም በአብዛኛው ስሜን ተራራ ሊወጣ ወይም ጥምቀትን ሊያይ የሚመጣ የውጭ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ይሁን። ቲክቶክና ቴሌግራም ሰው ይጠራሉ እንጂ የአስተያየት መድረክ አይደሉም። ፌስቡክም ቢሆን ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኮከቡን ትቶ «ይመክሩታል ወይስ አይመክሩትም?» ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዬልፕ የሚባለውን የአሜሪካ የአስተያየት መድረክ ይርሱት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለሁለት ሳምንት ካሸሯ ሒሳብ ስትቀበል «እንዴት አገኙን?» ብላ ትጠይቅና በደብተር ጭረት ታድርግ። አብዛኛው ሰው «አስጎብኚ አመጣኝ» ካለ ትሪፕአድቫይዘር ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ይጨምር፤ ጭረቱ የእኛን ምክር ሊሽረው ይችላል።

ጎግል ላይ ሲገቡ የምግብ ቤቱን ስም መጀመሪያ ይፈልጉት። ደንበኛ አስቀድሞ መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ የጎንደር ስም በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ስለሚጻፍ በሁለቱም ይሞክሩ። ካገኙት አዲስ አይክፈቱ፣ ያለውን የእኔ ነው ብለው ይረከቡ። ድርብ ገጽ ኮከቡን ለሁለት ይከፍለዋል። የሚረከቡበት ጂሜይል የራስዎ ይሁን፤ ልጅዎን ወይም ሠራተኛዎን በሥራ አስኪያጅነት ይጨምሩት እንጂ ባለቤቱ አያድርጉት። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ገጹ አብሮ የሚሄድባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በቪዲዮ ነው። ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ይቅረጹ፦ ከመንገዱና ከጎረቤት ሱቆች ይጀምሩ፣ ታፔላው ይታይ፣ ከዚያ በቁልፍዎ በሩን ይክፈቱ፣ ወጥ ቤቱንና የገንዘብ መሳቢያውን ያሳዩ። የሰው ፊት አይግባበት። ስሙ ታፔላው ላይ እንዳለው ብቻ ይጻፍ፤ «በጎንደር ምርጡ» የሚል ቅጥያ ገጹን ሊያሳግድ ይችላል። ዓይነቱን ሲመርጡ በደፈናው «ምግብ ቤት» ሳይሆን «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት» የሚለውን ይውሰዱ። ፒኑንም (ካርታው ላይ ቦታዎን የሚያሳየውን ምልክት) በጣትዎ ጎትተው በሩ ላይ ያድርጉት። ፎቅ ላይ ከሆኑ ይጻፉት፤ የመንገድ ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ከፍቶ ማታ 4 ሰዓት የሚዘጋ ቤት ቁጥሩን እንዳለ ያስገባዋል። ጎግል የሚያነበው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 10 ሰዓት እንደሚዘጋ ነው፤ በእራት ሰዓት የፈለገዎት ሁሉ «ተዘግቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያያል። በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ጠዋት፣ 10 ማታ ብለው ያስገቡ። ለጥምቀትና ለገና ደግሞ «ልዩ ሰዓት» የሚል ቦታ አለ፤ ቀኑን በፈረንጅ ካሌንደር ይሙሉት።

ጥያቄ፦ የጾም በያይነታችን ይወደዳል፣ ሥጋም እንሸጣለን። ሥጋ ለማይበሉ ፈረንጆች የሚሆን መድረክ አለ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አለ፣ ሃፒካው ይባላል። ሥጋ የሚሸጡ ግን ለቪጋን (ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር ለማይነካ ሰው) የሚሆን ምግብ ያላቸው ቤቶችንም በተለየ መደብ ይቀበላል። ጥንቃቄው ወዲህ ነው፦ ጾምና ቪጋን አንድ አይደሉም። ብዙ ቤት በጾም ዓሣ ያቀርባል፤ ብርዝና ማር ያለበት ነገርም ለቪጋን አይሆንም። ሽሮው በዘይት ይሠራ፣ ጭልፋውም ቅቤ ያለበትን ድስት ያልነካ ይሁን። ሌላው የቀኑ ነገር ነው። የጾም ምግብ የምትሠሩት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ከሆነ በግልጽ ጻፉት፤ ቱሪስቱ ማክሰኞም ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በዚያ ወቅት ሽሮና ምስር ጭራሽ ካልተሠራ ገጹ ላይ ባትወጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ደንበኛ አንድ ኮከብ ሰጥቶን ከ4.5 ወደ 4.2 ወረድን። አምስት ኮከብ ለሚሰጠን ማኪያቶ በነፃ ብንጋብዝስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጎግልም ትሪፕአድቫይዘርም በስጦታ የተገዛ አስተያየትን ይከለክላሉ፤ ትሪፕአድቫይዘር ገጹ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እስከመለጠፍ ይደርሳል። «አስተያየት በጅምላ እንሸጣለን» ከሚሉትም ይራቁ።

ይልቅ ሒሳቡን ይዩት። የወረዳችሁት አስተያየታችሁ ጥቂት ስለሆነ ነው፦ 12 ሰው በአማካይ 4.5 ሰጥቶ 13ኛው 1 ቢሰጥ 4.2 ይሆናል። 100 ሰው ቢኖር ኖሮ ያው አንድ ኮከብ ከ4.5 ፈቀቅ አያደርጋችሁም ነበር። ለመመለስ ሰባት ባለ አምስት ኮከብ ይበቃችኋል። ጎግል የሚሰጣችሁን የአስተያየት ኪው አር ኮድ አትማችሁ ከሒሳቡ ጋር አቅርቡ፣ የተደሰተውንም ያልተደሰተውንም እኩል ጠይቁ። ደስ ያለውን ብቻ መርጦ መጠየቅም ጎግል ዘንድ ክልክል ነው።

ለቅሬታው መልስ ጻፉ፣ በጻፈበት ቋንቋ፣ ከአራት መስመር ሳይበልጥ። «ቅዳሜ ማታ ክትፎው 50 ደቂቃ መቆየቱ ልክ ነው፤ ወጥ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ቅዳሜ ሁለት ናቸው» ዓይነት። «ዋሸህ» የሚል መልስ የሚጎዳው ጸሐፊውን ሳይሆን እናንተን ነው፤ ነገ የሚያነበው ሌላ እንግዳ ነውና። ሰውየው ጭራሽ ቤታችሁ ያልመጣ ወይም ተፎካካሪ ከሆነ አስተያየቱ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ሪፖርት አድርጉ። «ምግቡ አልጣመኝም» ያለውን ግን ጎግል አያነሳላችሁም።