ሞተሪኖ ከመግዛትህ በፊት ኳድሮውን (ቁልፍ የምታስገባበትን) እይ (ለሐረሩ 404 ጠያቂ)

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ፔጆ 404ህ ጠዋት ደህና ይነሳል፣ ቀን ሙቀት ላይ ግን ቁልፉን ስታዞር "ጠቅ" ብቻ ይላል፣ አምስት ስድስቴ ካዞርከው በኋላ ድንገት ይነሳል፣ ጋራዥ ደግሞ "ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ቀይር" ብለውሃል። አቦ እንዳትቀይር! ቢያንስ ሳትለካ እንዳትቀይር። እኔ ይሄን ነገር በሁለት ሞተሪኖ ዋጋ ነው የተማርኩት።

ድሬ ላይ 404 ስነዳ ልክ እንዳንተ ጀመረኝ። እናንተ ሐረር ቁልቁለት አይጠፋችሁም፣ አቁማችሁ ለቀቅ ስታደርጉት ይነሳል፣ ድሬ ከዚራ ግን ሜዳ ነው በ8 ሰዓት ፀሐይ ማን ይገፋልሃል። ቀይር አሉኝ፣ ያገለገለ ሞተሪኖ ፈልጌ ገዛሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ያው ጠቅ። እሺ ብዬ እየታገልኩ ስነዳ አንድ ቀን የደንገጎን ዳገት ስወጣ ውሃ ላቀዝቅዝ ብዬ አቆምኩና መልሼ ሳስነሳው ተነሳ፣ ቁልፉ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፣ ለካ ሞተሪኖው ከሞተሩ ጋር አብሮ እየዞረ ነው፣ እኔ ጩኸቱን የቬንትሌተር ቺንጋ (ቀበቶ) ነው ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ፣ የተቃጠለ ነገር ሲሸተኝ ነው የነቃሁት። ሁለተኛውም ሞተሪኖ በዚሁ ሄደ።

ከዛ በኋላ ነው ድሮ ሽመንደፈር (ምድር ባቡር) ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኳድሮውን ፈተው ጭናቸው ላይ የከፈቱልኝ። ውስጡ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ሁለት የመዳብ ነጥቦች አሉ፣ አንዱ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ሌላው እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ቁልፉን የምትመልሰዋን ስፕሪንግ ይዟታል። "ልጄ ሞተሪኖህን የበላው ይሄ ነው" አሉኝ። የሚያናድደው ደግሞ የኳድሮው ዋጋ ከሞተሪኖው ጋር አይወዳደርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሞተሪኖው መቶ ምናምን አምፒየር የሚወስደው ከባትሪ በቀጥታ የሚሄደው ወፍራሙ ገመድ ነው፣ በኳድሮ የሚያልፈው ሞተሪኖው ላይ ያለችውን ሶሌኖይድ (ወፍራሙን ገመድ ከሞተሪኖው የምታገናኝ ማግኔት ናት) የሚስበው ብቻ ነው። ግን እሱም ሲጀምር ከ20 አምፒየር በላይ ሊስብ ይችላል፣ ለአሮጌ ነጥብ ብዙ ነው። ሲበላ መንገዱ ይጠባል፣ ሶሌኖይዷ የሚደርሳት ቮልት ያንሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ጭራሽ አቅም ታጣለች፣ ጠቅ ትላለች በቃ።

ስለዚ መጀመሪያ ይሄን አድርግ። የፊት መብራት አብራና ቁልፍ አዙር። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ወይ የባትሪው ጫፎች ወይ ማሳው (ማይናሱ ከመኪናው ብረት የሚገናኝበት) ወይ ራሱ ሞተሪኖው ነው (ጫፎቹ ላይ ነጭ አረንጓዴ ነገር ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፣ አንዳንዴ ጉዳዩ እዛው ያልቃል)። መብራቱ ምንም ካልመሰለው ግን ጥርጣሬህ ወደ ኳድሮ ይሂድ። ከዛ ዜሮ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ወፈር ያለ ገመድ ከባትሪ ፕላስ ወደ ሞተሪኖው ትንሿ ጫፍ (ከኳድሮው የሚመጣው ገመድ የሚታሰርባት) ንካ። ቀን በሙቀቱ፣ እምቢ ባለበት ሰዓት፣ ሲነካ ቶሎ ከዞረ ሞተሪኖህ ንፁህ ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ደግሞ አንዱን ጫፍ ባትሪው ፕላስ ላይ ሌላውን እዛችው ትንሿ ጫፍ ላይ አድርግና ሰው ቁልፍ ያዙርልህ፣ ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፈ መሃል ላይ የሚበላ ነገር አለ። እኔ ጋ 3 ቮልት አካባቢ ነበር ወላሂ።

ስትቀይር የባትሪውን ማይናስ መጀመሪያ ፍታ፣ መጨረሻ ላይ ግጠም። የገመዶቹን ፎቶ አንሳ፣ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፍና ጻፍበት፣ ቀለማቸውን በፍፁም እንዳታምን፣ የኔው መኪና ውስጥ አንዱ የቴፕ ስፒከር ገመድ ነበር! እኔ ሳልጽፍ ፈትቼ የኮይሉን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ገመድ የሞተሪኖው ቦታ ላይ ገጠምኩት፣ ቁልፉን እንደያዝኩ ይነሳል፣ ስለቀው ይጠፋል፣ ግማሽ ቀን ካርቡራተር ስፈታ ዋልኩ።

ሱቅ ላይ እዛው በቴስተር ሞክረው፣ በተለይ ከማስነሻው ስትለቀው ቁልፉ በራሱ ጥርት ብሎ መመለስ አለበት፣ ካንገራገረ አትውሰድ። ዋናው ሲሊንደር (የሞተሩ ሳይሆን ቁልፉ የሚገባበት) ደህና ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ የኋላውን የኤሌክትሪክ ክፍል ብቻ ነው የሚያስቀይረው፣ ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን አትለፍ፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ጨምርበት። ይሄን የነገረኝ ጅቡቲ የጀልባ ሞተር የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው፣ እነሱ ጋ ኳድሮውን ጨው ነው የሚበላው፣ እኛ ጋ አቧራ። 4 እግር ያላት የተለመደችው የመኪና ሪሌ ትበቃለች፣ ቁጥሮቹ የእግሮቿ ናቸው፦ 30 ከባትሪ ፕላስ በ30 አምፒየር ፊውዝ፣ 87 ወደ ሞተሪኖው ትንሿ ጫፍ፣ 86 ከኳድሮው የማስነሻ ገመድ፣ 85 ማሳ። ከዛ በኋላ በኳድሮው የሚያልፈው ግማሽ አምፒየር እንኳን አይሞላም። ለ30 እና 87 ቀጭን ገመድ እንዳትጠቀም፣ 4 ካሬ ሚሊ ይሁን።

ኳድሮ ካጣህ የማስነሻውን ብቻ በፑሽ በተን መተካትም ይቻላል፣ በተኑ ግን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ መብራት ከሚያገኝ ገመድ ይሳብ፣ አለበለዚያ ልጆች ሲጫወቱ ይጫኑትና መኪናው በማርሽ ላይ ከሆነ ግድግዳ ይገባልሃል።

እስክትቀይረው ድረስ በተነሳ ቁጥር ቁልፉ መመለሱን በእጅህ አረጋግጥ፣ ጩኸት ከሰማህ አጥፋ፣ እምቢ ካለ የባትሪውን ገመድ ንቀል። ነገ 8 ሰዓት ላይ ለካውና ስንት ቮልት እንዳሳየህ ጻፍልኝ፣ የኳድሮውን ጀርባ ፎቶም ላክ፣ የትኛው ገመድ የቱ እንደሆነ አብረን እናያለን።