እብነ በረድዎን በአሲድ ከማሳጠብዎ በፊት

ውድ ጠያቂ፣ በአዲሱ ቤትዎ የእብነ በረድ ደረጃና የሳሎን ወለል ላይ የሲሚንቶ ጠብታና ነጭ የግራውት (በሴራሚክ መገጣጠሚያዎች መካከል የሚሞላው) ብናኝ ደርቆ መቅረቱን፣ የሴራሚክ ሠራተኛዎም «በአሲድ ልጠበው» እንዳለዎት ገልጸው፣ ይህ ድንጋዩን ይጎዳው እንደሆነና ሲለር (ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰርግ የሚቀባ መከላከያ) መቀባትም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት ሁለት አባላት «አቅጥነው ይጠቀሙበት» ብለው መመለሳቸውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእርስዎ ቤት የእኔው ቤት ግልባጭ ስለሚመስለኝ የደረሰብኝን በተራ ቁጥር አስቀምጥልዎታለሁ።

1. አሲዱን ከግቢዎ ያስወጡት። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ብዙ ጊዜም ምንም ጽሑፍ በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥልን አሲድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚለቀው ቆሻሻው ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱም ጭምር ነው፤ እየሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ አረፋ ሆኖ የሚታየውም ይኸው ነው። ማቅጠን ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ይህንን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ከ3 ዓመት በፊት ቤቴ ሲጠናቀቅ ሠራተኛው መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በአሲድ አጠበውና መስታወት አስመሰለው። ሴራሚክ ፊቱ ብርጭቆ መሰል ሽፋን ስላለው ቶሎ አይጎዳም፤ እኔ ግን ይህንን ልዩነት ከየት አውቄ። ከቤንሻንጉል ጉሙዝ የመጣውን፣ ስንት ወር ተጠራቅሞ የተገዛውን የዳለቲ እብነ በረድ እያሳየሁ «በል እንግዲህ ደረጃውንም ጨርስልኝ» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ድንጋዩ ላይ ሲንተከተክ እድፉ እየለቀቀ መስሎኝ ቆሜ ተደስቻለሁ። በማግስቱ ደርቆ ሳየው 16ቱም ደረጃዎች ኖራ የተቀቡ ይመስሉ ነበር፤ በጣቴ ስዳብሳቸውም የብርጭቆ ወረቀት ያህል ይሻክራሉ። በዚያው ቀን ቤት የምታግዘን ልጅ ሽታው እንዲጠፋ ብላ አሲድ በነካው ወለል ላይ በረኪና ጨመረችበትና ሁላችንም እየሳልን ወደ ውጭ ሮጥን። በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ የሽንት ቤት ማጽጃዎችም ብዙዎቹ አሲድ ስላላቸው ከበረኪና ጋር እንዳይገናኙ ለቤተሰብዎ ሁሉ ይንገሩ።

2. ድንጋዩን የሸጠልዎት ሰው ይረዳኛል ብለው አይጠብቁ። እኔ የተሰበረ ቁራጭ ይዤ ወደ ገዛሁበት የሽያጭ ቢሮ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ካስቀመጡኝ በኋላ አንድ ጎረምሳ ከስልኩ ቀና ሳይል «ድንጋይ እኮ ነው፤ ሲገዙት ያበራ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ የራስዎ ጉዳይ ነው» አለኝ። ስገዛ «ይህ ለልጅ ልጅዎ የሚተርፍ ነው» እያሉ ሻይ ያቀረቡልኝ እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። በምን እንደሚታጠብ አንዲት ቃል ያልነገሩኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «አልጠየቁንማ» ተባልኩ። እውነት ለመናገር ይህ መልስ ከደረጃው በላይ አንገብግቦኛል።

ያዳነኝ በአልማዝ ዲስክ የሚያለሰልስ አንድ ባለሙያ ነው። እየረጠበ፣ ከሻካራው ዲስክ ጀምሮ እስከ በጣም ለስላሳው 3000 ቁጥር ድረስ በየተራ እያለፈ በ9 ቀን አወጣው፤ ክፍያውም የድንጋዩን ዋጋ ሲሶ ያህል ደርሷል። ከእርሱ በፊት የመጡት ሁለት ሰዎች ሰም ቀብተው ሊያልፉኝ ፈልገው ነበር፤ አሲድ የበላው ድንጋይ በሰም የሚመለስ ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ሁሉ ገንዘብ ባላወጣሁ።

ስለዚህ የእርስዎን ሲሚንቶ በውኃ አርሰው ጥቂት ያቆዩትና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት። እምቢ ያለውን፣ ድንጋዩ ለስላሳ ፊት ያለው ከሆነ ብቻ፣ አዲስ ምላጭ ጠፍጣፋ አድርገው አጋድመው ያንሸራትቱበት። ይታክታል፤ እኔ ለሳሎኑ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ፈጅቶብኛል፣ ነገር ግን አንድም ጭረት አልተውኩበትም። ድንጋዩ እብነ በረድ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለዎት በተረፈ ቁራጭ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲጠረግ የደበዘዘ ክብ ከቀረ አሲድ የሚጎዳው ድንጋይ ነው ማለት ነው።

3. ሲለሩን በተመለከተ፣ አዎ ይቀቡት፤ ግን ምን እንደሚሠራ አውቀው ይሁን። ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ዘይትና ቡና በፍጥነት እንዳይሰርጉ ያደርጋል እንጂ ሎሚና ኮምጣጤን አይከላከልም። እኔ በዚህ ተታልዬ፣ ሲለር ስለተቀባ ምንም አይሆንም ብዬ፣ በበዓል ማግስት ሰላጣ የፈሰሰበትን ቦታ ሳልጠርገው አድሬ አሁንም የሚታይ ክብ አትርፌአለሁ። አቀባቡም ላይ ተሳስቻለሁ፤ ቀለም የምቀባ ይመስል አወፍሬ ቀብቼ እንዲደርቅ ተውኩትና እግር የሚይዝ ደብዛዛ ቆዳ ሆነብኝ። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ በስሱ ተቀብቶ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ ትርፉ በንጹሕ ጨርቅ መጠረግ አለበት። መታደሻው መድረሱን ለማወቅ ውኃ ጠብ ያድርጉበት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድንጋዩ ካጠቆረ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው።

የወጥ ቤትዎን ነጭ ግራውት ደግሞ አደራ። ሴራሚኩ ሲለር አይፈልግም፣ በመካከሉ ያለው ሲሚንቶ ግን እርድና የቁሌት ዘይት እንደ ስፖንጅ ይመጣል። የእኛ ቤት ምድጃ ዙሪያ በ4 ወር ውስጥ ቢጫ ሆኖ፣ በበረኪና ስንፈትግ ከርመን፣ በመጨረሻ አስፍቀን በግራጫ አስሞላነው፤ ከደረቀ በኋላ ወዲያው ሲለር ስለተቀባ እስከ ዛሬ አላስቸገረንም። ለየቀኑ ጥቂት ላርጎ ጠብ የተደረገበት ለብ ያለ ውኃና በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል። በእብነ በረዱ ላይ ዘይት ከሰረገ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ አቡክተው ይለጥፉበት፣ በላስቲክ ሸፍነው አንድ ቀን ያሳድሩት፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።

ሠራተኛዎ ነገ ጠዋት እንደሚመጣ ጽፈዋል። ዛሬ ማታ ይደውሉለትና አሲዱን ይዞ እንዳይመጣ ይንገሩት፤ ከገዛውም ዋጋውን ይክፈሉት።